የሴሊካዬ የጎን መስታወት፦ ከቱሉ ዲምቱ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ ማታ

የመኪናዬ የሹፌር በር መስታወት የለም። ከገላን ስመለስ ከፊት ለፊት የሚመጣ ገልባጭ መኪና ከኋላ ጥንድ ጎማው መሃል ድንጋይ አስፈነጠረ። «ጧ!» አለ። ወዲያው መስታወቱ ጭኔ ላይ፣ ወንበር ሥር፣ ማርሹ ዙሪያ ፈሰሰ። እጄ ላይ ቀጫጭን ጭረት አለ። ዓይኔን አልነካኝም፤ ተመስገን።

ገልባጩ አልቆመም። ሹፌሩ ማወቁንም እጠራጠራለሁ። ኢንሹራንሴ የሦስተኛ ወገን ብቻ ስለሆነ ወጪው የራሴ ነው።

መኪናዋ የ2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ሰባተኛው ትውልድ። ቶዮታ ይህን ቅርፅ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ሠርቶት አቆመ። ሞተሯ ባለ 1.8 ሊትሩ ዋን ዜድ ዜድ ነው፤ በዚያ ዘመን ኮሮላ ላይም የነበረው ያው ሞተር። ስለዚህ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕ የትም ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ ሴሊካ ይዞ መኖር የሚቻለውም በዚህ ነው። አካሏ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በር፣ መብራት፣ መስታወት ከኮሮላ አይመጣም። ከሌላ ሴሊካ ብቻ ነው የሚመጣው።

ሌላም ነገር አለ። የዚህች መኪና በር ፍሬም የለውም። ተራ መኪና ላይ መስታወቱ ሲወጣ የብረት ፍሬም ውስጥ ይገባል፤ ፍሬሙ ይይዘዋል። ሴሊካ ላይ በሩን ስትከፍቱ መስታወቱ ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ። በሩ ሲዘጋ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ካለው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ውሃ ይገባል፣ ነፋስ ያፏጫል። እናም መስታወቱን ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ትክክለኛ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላው ግማሽ፤ ብዙ ጊዜ ተጣድፎ የሚታለፈውም ይሄኛው ነው። እኔ አላጣድፈውም።

ለዛሬ ወፍራም ላስቲክ ወጥሬበታለሁ። ናስትሮውን በቀጥታ ቀለሙ ላይ አልለጠፍኩም። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ከሥር አድርጌ ናስትሮውን ከላይ ለጠፍኩ። ያረጀ ቀለም ከናስትሮ ጋር ተልጦ ይነሳል። ሐምሌ ነውና ሌሊቱን መዝነቡ አይቀርም።

ረቡዕ

ጎረቤቴ ጠዋት ላስቲኩን አይተው ግቢ ገቡ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በላዳ ታክሲ የጨረሱ ሰው ናቸው። መኪና ሲበላሽ ዝም ብለው አያልፉም።

«አንተ ልጅ፣ ለዚህ ብለህ መርካቶ ልትንከራተት ነው? መስታወት ቤት ሄደህ በልኩ አታስቆርጥም?»

«ጋሼ፣ ይሄኛው ጎባጣ ነው። የመስታወት ቤቱ ዝርግ ነው።»

«እንግዲያው ፕላስቲክ አስደርግበት። ዝናብ ካልገባ ምን ቸገረህ?»

ምክራቸው ከቅንነት ነው። በላዳቸውም ሠርቶላቸዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም፤ ምክንያቱንም እዚሁ ላስቀምጠው።

የመኪና የጎን መስታወት ቴምፐርድ ነው። መስታወቱ መጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል፣ የብሎን ቀዳዳው ይበሳል፣ ጠርዙ ይሞረዳል። ከዚያ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በኃይለኛ አየር በድንገት ይቀዘቅዛል። ላዩ ቀድሞ ይደርቃል። ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፤ የደረቀው ላዩ ግን አይለቀውም። ስለዚህ ላዩ እንደታመቀ፣ ውስጡ እንደተወጠረ ይቀራል። ጥንካሬው ከዚህ ነው የሚመጣው። ሲሰበር ያ የታመቀ ኃይል በአንዴ ይለቀቅና መስታወቱ እንደ በቆሎ ፍሬ ይበታተናል። ትናንት ጭኔ ላይ የፈሰሰው ይሄ ነው። የቤት መስታወት ቢሆን ኖሮ ወደ አንገቴ የሚመጣው ረጅም ስለት ነበር።

አንዴ እንዲህ ከሆነ በኋላ ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም፣ አይበሳም። ልሞክር ያለ ሰው እጅ ላይ ይፈርሳል። «በልኩ እንቆርጥልሃለን» ያለ ሁሉ ተራ መስታወት ነው የሚሰጠው። የፊት መስታወት አሠራሩ ሌላ ነው። እሱ ሁለት ንጣፍ ሆኖ መሃሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም ተያይዞ ይቆያል።

ፕላስቲኩስ? ስለት የለውም፣ እውነት ነው። ግን በቀላሉ ይጫራል። የቱሉ ዲምቱ አቧራ በጋውን ሙሉ በበሩ ጎማና በመስታወቱ መሃል ይገባል። አንድ በጋ ሳይሞላው ይደበዝዛል። ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የጎን ስፖኪዮ አያሳይም። በየቀኑ ከከባድ መኪና ጋር በምጋፋበት መንገድ ላይ ይህን አላደርግም።

ማታ ቴሌግራም ላይ መለዋወጫ ለሚሸጡ ሰዎች መልእክት ላክሁ። «ሴሊካ፣ 2000 እስከ 2005 ሞዴል፣ የሹፌር በር መስታወት።» የ2003ቱ ማሻሻያ መከላከያና መብራት ነው የቀየረው፤ በሩን ስላልነካው ከሁለቱም ይሆነኛል።

ሐሙስ

መልስ መጥቷል። አንዱ ከዱባይ ላስመጣልህ አለ፤ ቀኑን ግን መናገር አልቻለም። ሌላው ፎቶ ላከ። ከበሩ ኋላ ያለው ትንሹ ቋሚ መስታወት ነው። አመስግኜ አለፍኩት። ሦስተኛው ሶማሌ ተራ ያለ ነጋዴ ነው። ከተገለበጠች ሴሊካ የወጣ በር አለኝ፣ መስታወቱ ደህና ነው አለ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር ሠራሁ። የቀኙን በር መስታወት እዚያው በሩ ላይ እስከ ላይ ከፍ አድርጌ፣ ካርቶን አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ ወሰድኩ። የተቆረጠው ካርቶን ሲገለበጥ የግራው ልክ ይሆናል። ጉብጠቱን አያሳይም፣ ግን ነጋዴ ፊት ቆሞ በዓይን ከመገመት በእጅጉ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ሶማሌ ተራ

መርካቶን የማያውቅ ሰው ሶማሌ ተራ ሲገባ ግራ ይጋባል። በር በበር ላይ፣ ኮፋኖ በኮፋኖ ላይ ተደርድሯል። ሻጮቹ ግን የትኛው ብረት ከየትኛው መኪና እንደወጣ በዓይን ያውቃሉ። ይህ እውቀት ትልቅ ሀብት ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ግማሹ የከተማው መኪና ቆሞ ነበር።

ካርቶኔን መስታወቱ ላይ ጫንኩት። ገጠመ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ምልክት ፈለግሁ። ክብ ውስጥ «ኢ» (E) ፊደልና ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ «43አር» (43R) የሚል አለ። 43 የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መስታወት ደንብ ቁጥር ነው። ምልክት የሌለው መስታወት ቢያቀርቡላችሁ አትቀበሉ።

ሌላም መፈተሻ አለ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጌ መስታወቱን ወደ ሰማይ ያዝኩት። ቴምፐርድ ከሆነ በተወሰነ ማዕዘን ደብዛዛ ነጠብጣብ ወይም ዝንጉርጉር ጥላ ይታያል። አየሩ መስታወቱን በነፋበት ጊዜ የቀረ የውጥረት አሻራ ነው። ሻጩ መነጽሩን ተቀብሎኝ እሱም አየ፤ ጎረቤቱንም ጠርቶ አሳየው።

ከዚያ ጠርዙን በጣቴ ዞርኩት። ቴምፐርድ መስታወት ፊቱ ላይ ብዙ ይችላል። ጠርዙ ግን ደካማ ጎኑ ነው። ጠርዙ ላይ ያለች ትንሽ ቁራጭ ነገ በሩ በኃይል ሲዘጋ ሁሉንም ታፈርሳለች። ይሄኛው ንጹሕ ነው።

«20 ሺህ» አለ።

«ወንድሜ፣ ስንት ሴሊካ አለ እዚህ አገር? ለማን ልትሸጠው ነው?»

«ስንት የሴሊካ መስታወትስ አለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ ፈላጊው እንደበዛ ነገረኝ። በመጨረሻ 14 ሺህ ላይ ተስማማን። የበር ክሊፖችም ጨመረልኝ። ክሊፑ የብዙ ቶዮታ ነው፤ ስለዚህ ርካሽ ነው።

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሜትር ታክሲ ተመለስኩ። አንዴም በጥጉ ሲሚንቶ ላይ አላቆምኩትም።

እሑድ

በሩን ከፈትኩ። ከእጀታው ኋላና ከመክፈቻው ሥር ያሉትን ብሎኖች በካቻቪቴ አወጣሁ። ከዚያ ከታች ጀምሬ ፓኔሉን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ከክሊፖቹ አላቀቅኩ። ብረት ካቻቪቴ ለዚህ አይሆንም፤ ፓኔሉን ይሰብራል፣ ቀለሙን ይልጣል። ፓኔሉ ሲላቀቅ በኃይል አትሳቡት። የመስታወት ማብሪያው ገመድ ከኋላው ተያይዟል።

ከፓኔሉ ኋላ ያየሁት አናደደኝ። የውሃ መከላከያው ላስቲክ የለም። ከኔ በፊት በሩን የከፈተ ሰው ቀዶ ጥሎታል። ይህ በየጋራዡ የማየው ነገር ነው። «ምንም አይሠራም» ይሉታል። ይሠራል! ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱና በውጪው ጎማ መሃል ውሃ ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ የታወቀ ነው፤ መኪናው ሲሠራም ታስቦበታል። ውሃው በበሩ ውስጥ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ሥራው ያ ውሃ ወደ ፓኔሉና ወደ ምንጣፉ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ባለፈው ክረምት ምንጣፌ ለምን ይሸት እንደነበር አሁን ገባኝ።

ከዚያ ጽዳት። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የወሰደው ይሄ ነው፤ መውሰድም ነበረበት። ወፍራም ጓንት አደረግሁ። በሩ ሆድ ውስጥ ያለውን ፍርስራሽ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ ሠፈር ካለው ላቫጆ በተዋስኩት ቫኪዩም አወጣሁ። በሩን በጎማ መዶሻ ቀስ እያልኩ ስመታው እንደገና ይንኮሻኮሻል። እንደገና ቫኪዩም። የታችኞቹ ቀዳዳዎች በጭቃና በመስታወት ፍርፋሪ ተደፍነዋል። በቀጭን እንጨት ከፈትኳቸውና ውሃ አፈሰስኩባቸው። ሲወርድ አየሁ። ተደፍነው ቢቀሩ በሩ ከታች ወደ ላይ በዝገት ይበላል።

በጣም አስፈላጊዋ ቦታ ግን ሌላ ናት። በበሩ አፍ ላይ ከውጭም ከውስጥም መስታወቱን የሚጠርግ ጎማ አለ፤ ፊቱ እንደ ቬልቬት ነው። እዚያ ቬልቬት ውስጥ የተቀበረች አንዲት ቅንጣት አዲሱን መስታወት ከላይ እስከ ታች ትጭረዋለች። በእጅ ባትሪ እያበራሁ፣ በጥርስ ብሩሽ እያበጠርኩ ሁለቱንም ጨረስኩ።

መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደው ማሽን ደህና ነው። ማብሪያውን ለጊዜው መልሼ ሰክቼ ከላይ ታች አስኬድኩት፤ አይንቀጠቀጥም። ያረጀውን ግሪስ ጠርጌ አዲስ ቀባሁት። ለጎማዎቹ ግን ግሪስ አይነካም፤ የነዳጅ ውጤት የሆነ ቅባት ጎማን ያሳብጣል። ለእነሱ የሲሊኮን ስፕሬይ ነው።

የማስተካከያ ብሎኖቹን ከመንካቴ በፊት ያሉበትን ቦታ በእህቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ።

ሰኞ ማታ

ለላስቲኩ ወፍራም ፕላስቲክ ገዛሁ። በፓኔሉ ልክ ቆርጬዋለሁ። የማይደርቅ ጥቁር ማጣበቂያም አግኝቻለሁ፤ በሩ ሌላ ጊዜ ሲከፈት ላስቲኩ ሳይቀደድ እንዲላቀቅ።

ቅዳሜ

ጋሼ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። «እስቲ ያ ያልከው ጎባጣ መስታወት እንዴት እንደሚገባ ልይ» አሉ።

የበሩን አፍ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። መስታወቱን የፊት ጥጉን አስቀድሜ አዘንብዬ አወረድኩት። ማሽኑን ብሎኖቹ በሩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል እስኪታዩ አቆምኩት። በመስታወቱና በብረቱ መሃል የፕላስቲክ ማረፊያ አለ። እሱ ከጎደለ ብረት መስታወትን ይነካል፣ መስታወቱም አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይፈርሳል። ብሎኖቹን በ10 ቁጥር ቡሶላ ላላ አድርጌ ብቻ ያዝኳቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው እውነተኛው ሥራ ነው። ማመሳከሪያዬ ቀኙ በር ነው። እዚያ መስታወቱ ከኋላው ቋሚ መስታወት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጣሪያው ጎሚኒ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ ለካሁ። ጎሚኒው የደረሰበትን መስመር በሚጠፋ እስክሪብቶ መስታወቱ ላይ አሰመርኩ። ያንኑ መስመር ግራው ላይ ደገምኩት።

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩት። መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ዘንበል፣ ቀጥሎ ከፍታውን፣ በመጨረሻ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያለውን። የኋለኛው ከተነካ በኋላ የፊተኛውን ማንሳት ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ዘንበሉና ከፍታው ቶሎ መጡ። ሦስተኛው ትዕግሥት ፈለገ። መስታወቱ ላዩ ጎሚኒውን ምን ያህል እንደሚጫን የሚወስኑት መስታወቱ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሐዲድ ታች ላይ ያሉት ብሎኖች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ላዩን ወደ ውስጥ ለማስገባት ታቹን ወደ ውጭ ነው የምትገፉት። መዞሪያው የበሩ አፍ ነው።

ለመፈተሽ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆረጥኩ። ወረቀቱን በጎሚኒውና በመስታወቱ መሃል አድርጎ በሩን መዝጋት፣ ከዚያ መሳብ። እኔ ውጭ ሆኜ ብሎን አዞራለሁ፣ ጋሼ ውስጥ ተቀምጠው ይስባሉ።

«ይሄ ጥብቅ ነው።»

«የኋላውስ?»

«ይንሸራተታል። ይሄማ አልያዘም።»

ግማሽ ዙር። እንደገና። የፊቱ ደግሞ በጣም ጠበቀ፤ በሩም ለመዘጋት አስቸገረ። ይህም ጥሩ አይደለም። ከመጠን በላይ የተጫነ መስታወት በሩ በተዘጋ ቁጥር ይመታል፣ የመስታወቱን ሞተርም ያደክማል። ሩብ ዙር መለስኩ። ወረቀቱ ከፊት እስከ ኋላ በእኩል ጥንካሬ ሲወጣ ጋሼ «በቃ! እንዳትነካው!» ብለው ጮኹ። ዳዶዎቹን አጠበቅኩ።

የውሃ ፈተናው ከሰዓት ነው። የውሃ ጎማውን ቀስ ብዬ ከታች ጀምሬ ወደ ላይ አስኬድኩ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው በሁሉም በኩል ስለሚወርድ የገባበት አይታወቅም። ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ለዚህ አይሆንም፤ ደህናውን ጎሚኒ ሁሉ ያልፋል። ከስፖኪዮው ኋላ ካለችው ሦስት ማዕዘን ሽፋን ጠብታ መጣ። መስታወቱ አይደለም። የሽፋኑ ስፖንጅ አርጅቶ ፈርሷል። በአዲስ ባለማጣበቂያ ስፖንጅ ቀየርኩት፤ ቆመ።

ላስቲኩን ለጠፍኩ፣ ፓኔሉን መለስኩ።

እሑድ ጠዋት

የነፋስ ፈተና። ቱሉ ዲምቱ መኖር ለዚህ ይመቻል። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ እዚሁ ነው። ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ስሄድ ከላይ ከኋላ ጥግ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቢሾፍቱ ላይ ወጥቼ ዳር ቆምኩ። መገጣጠሚያውን በቁራጭ በቁራጭ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩና እየቆምኩ አንድ አንዱን እያነሳሁ ነዳሁ። የትኛው ሲነሳ ፉጨቱ እንደሚመለስ አገኘሁ። የኋላው ጥግ ነው፣ የጣት ስፋት የምታህል ቦታ።

ቤት ተመልሼ ፓኔሉን ከፈትኩ። የኋላውን ሐዲድ ሩብ ዙር፣ ወረቀቱን እንደገና። ላስቲኩ ሳይቀደድ ተላቆ ተመለሰ፤ ለማጣበቂያው ያወጣሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ከሰዓት እንደገና ወጣሁ። 100 ላይ የጎማው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ወደ ቤት ስቃረብ ዝናብ ወረደ። ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።

የመጨረሻ ቦታዎቹን እዚህ ልመዝግብ፦ ከጥፍር ቀለሙ ምልክት የፊቱ ሐዲድ ሩብ ዙር፣ የኋላው ሦስት ሩብ ዙር፣ ሁለቱም ታቹን ወደ ውጭ። የወንበሩ ሐዲድ ውስጥ አሁንም ፍርፋሪ ይወጣል፤ ወንበሩን አንስቼ መጥረግ አለብኝ። የቀኙም በር ላስቲክ ሳይጎድል አይቀርም፤ በዚያ በኩልም ምንጣፉ ይሸታል። ፕላስቲክና ክሊፕ ተርፎኛል፣ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።